የሁለተኛው ረድፍ የመጨረሻዋ ልጅ

ፈጠራ ነው የምትሉ በሉ፣ ከማንም ጋር አልከራከርም። እኔ በገዛ እጄ የሠራሁትንና በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

አሁን ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ሱቄ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች። ከታች የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። ጨለማ የለም፣ ዝናብ የለም... ምንም የለም።

ቸኩዬ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ አትታዘቡኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መጨረስ አለብኝ።

ሥራዬ የተበላሹ አሮጌ ፎቶዎችን ማደስ ነው። ውሃ የገባበት፣ አይጥ የቀመሰው፣ በንዴት ለሁለት የተቀደደ የሠርግ ፎቶ ሳይቀር ይመጣልኛል። ባልና ሚስቱ ሲታረቁ መልሼ የምገጥማቸው እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ይመሰገናሉ፣ እኔን ማንም አያነሳኝም።

ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። እሱ በቀጭን ብሩሽ ይሠራ ነበር፣ እኔ በኮምፒውተር እሠራለሁ። ነፍሱን ይማርና ሁለት ነገር አጥብቆ ይነግረኝ ነበር።

አንደኛው፣ የፎቶውን ጀርባ ሳላይ ፊቱን እንዳልነካ ነው። ሰው ጀርባው ላይ ስም ይጽፋል፣ ቀን ይጽፋል፣ አንዳንዴም ምሥጢር ይጽፋል።

ሁለተኛው ስለ መዋስ ነው። አንድ ሰው ፎቶው ላይ ዓይኑ ጠፍቶ ከሆነ ከወንድሙ ፎቶ ዓይን እንወስድለታለን። አፉ ከጠፋ ከእህቱ። እኛ ይህን መዋስ እንለዋለን። አባቴ ታዲያ፣ "ከሞተ ሰው ተዋሺ፤ በሕይወት ካለ ሰው እንዳትዋሺ" ይለኝ ነበር። ለምን ስለው ይቆጣል። እኔም የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ። የፎቶ ባለሙያ ልጅ ሆኜ የልጅነት ፎቶ የለኝም። አንድም። አባቴ ተቃጥሏል ብሎኛል። እናቴ ደግሞ እስክትሞት ድረስ የማትተወው ነገር ነበራት። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ጋ ትወስደኝና አገጬን ይዛ ፊቴን ታየኛለች። ዝም ብላ... ረጅም ጊዜ። ካደግኩ በኋላ እንኳ አልተወችም። ፍቅር ይመስለኝ ነበር።

ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው። ሚጡ ነው የምንላት። የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን።

ሚጡ ምላሷ ስለት ነው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከትምህርት ቤት ቀጥታ ሱቄ ትመጣለች። ከሱቄ ሥር፣ ምድር ቤቱ ላይ ልብስ የሚሰፉት ሽማግሌ፣ ሁላችንም ጋሽ መርፌ የምንላቸው፣ ሳይነካኳት አያሳልፏትም። የቤት ሥራሽን ራስሽ ሠራሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ገለበጥሽ ይሏታል። እሷም እርስዎስ የሰውየውን ሱሪ ጨረሱ ወይስ እንደ ልማድዎ ነገ አሉት ትላቸዋለች። ደረጃውን የምትወጣው እየሳቀች ነው።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው የዛሬ ወር ገደማ፣ ሰኞ ጠዋት ነው።

የከተማው የታሪክ ክፍል ኃላፊ መጣ። ወጣት ነው፣ ወሬ ይወዳል፣ ሁልጊዜ ይቸኩላል። ስለ አሮጌው የሴቶች ትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ሊከፍቱ ነው። አርብ ሦስት ሰዓት ላይ ይከፈታል። ከትምህርት ቤቱ መጋዘን ያገኙትን የክፍል ፎቶ በግድግዳ ልክ አሳትሞ መስቀል ፈልጓል።

ፎቶውን አየሁት። በሦስት ረድፍ የቆሙ አሥራ ሁለት ልጆች ናቸው። እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው፣ ቀጥ ብለው። አሥራ አንዱ ደህና ናቸው። የሁለተኛው ረድፍ የመጨረሻዋ ልጅ ግን ፊት የላትም።

ተፍቋል። ከጸጉሯ እስከ አገጯ በቀጫጭን መስመሮች ተፍቆ ወረቀቱ ነጭ ሆኗል።

እርጥበት ነው አለ ኃላፊው። እርጥበት እንዲህ አይፍቅም። አይጥም አይደለም። ይህ በምላጭ፣ ተረጋግቶ የተሠራ ነው... አውቄዋለሁ።

"አንዷ ልጅ ፊት ሳይኖራት ግድግዳ ላይ አትሰቀልም፣ እትዬ" አለኝ። "የሚያውቃት ሰው በሕይወት የለም። ማንም ፊት ይሁን ብቻ ይሙሉልኝ።"

ከዘመድ እንዳልዋስ ስሟ አይታወቅም። ፎቶው ወፍራም ካርቶን ላይ ተለጥፏል። ጀርባውን ለማየት ካርቶኑን በእንፋሎት ቀስ ብሎ ማላቀቅ ያስፈልጋል፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እሱ ፋይሉን ለማታ ይፈልገዋል።

ጀርባውን ሳላይ ጀመርኩ።

ፊት ስንዋስ ዕድሜው መግጠም አለበት፣ ብርሃኑም ከአንድ ወገን መምጣት አለበት። የልጅቷ ትከሻ ላይ ብርሃኑ ከግራ ነው የወደቀው። ብዙ አሮጌ ፎቶ አገላበጥኩ፣ አንዱም አልሆነም። ከዚያ ዓይኔ ጠረጴዛዬ ላይ ካለው ፎቶ ላይ አረፈ። የሚጡ ፎቶ። እዚሁ መስኮት ሥር ያነሳኋት። ብርሃኑ ከግራ። ጥርሷን ገልጣ ስትስቅ።

አንድ ፊት ነው፣ ምን ያመጣል አልኩ።

እንዲህ ያለ ሥራ ሰዓታት ይፈጃል። ታሳንሳለህ፣ ታዞራለህ፣ ቀለም ታመሳስላለህ። ይሄኛው ግን ምንም አላስቸገረኝም። የሚጡን ፊት ወስጄ ባዶው ቦታ ላይ ሳስቀምጠው... ልክክ አለ።

ማሳነስ አላስፈለገኝም። ማዞር አላስፈለገኝም።

ደስ ብሎኝ ፋይሉን ላክሁለት።

ያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚጡ ስትመጣ የጋሽ መርፌን ድምፅ ሰማሁ።

"ማንን ፈልገሽ ነው የኔ ልጅ?"

ሚጡ አልሳቀችም። ከንፈሯን ነክሳ ገባች። ቀልዳቸውን ነው አልኳት። "አይደለም እማ" አለች። "ዓይናቸው አላወቀኝም።"

ማክሰኞ አስተማሪዋ ደወለች። ልጅሽ ዛሬ ለምን ቀረች አለችኝ። ጠዋት እኔ ራሴ ነኝ በሩ ድረስ ያደረስኳት። ሚጡን ስጠይቃት ወንበሯ ላይ ነበርኩ አለች። ስሟ ሲጠራ አቤት ብላለች። እጇን አውጥታለች። አስተማሪዋ በላይዋ አሻግራ አይታ "የለችም" ብላ ጻፈች።

ረቡዕ የሚጡ የፊት ጥርስ ወለቀ። የላይኛው፣ የመሀሉ። ይህቺን ጥርስ ያዙልኝ። ሚጡ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝና ፎቶ አንሺኝ አለች።

አነሳኋት። ስልኬን ሳየው ፊቷ ደብዝዟል። ከኋላዋ ያለው መጋረጃ ክሩ ሳይቀር ይታያል። የደንብ ልብሷ ቁልፍ ይታያል። ፊቷ ብቻ... በውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር።

ደግሜ አነሳሁ። ያው ነው። የድሮዎቹን ከፈትኩ። ያምናው፣ ያቻምናው። ሁሉም ላይ ፊቷ ደብዝዟል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውም ጭምር።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ ፊቷን ላስታውስ ሞከርኩ። ጸጉሯ ይመጣልኛል፣ ድምፅዋ ይመጣልኛል። ፊቷ አይመጣም።

አርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ታጥቤ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች። ቦርሳ አንግታለች። የጎረቤት ልጅ መሰለችኝ።

"ማንን ፈልገሽ ነው የኔ ልጅ?" አልኳት።

ልጅቷ በሹክሹክታ...

"እማ... እኔ ነኝ እኮ።"

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄን፣ አምጬ የወለድኳትን ልጅ፣ ማንን ፈልገሽ ነው አልኳት። ይህንን የጻፍኩላችሁ እንድትፈሩ አይደለም። አፍሬ ነው።

እጇን ይዤ እየሮጥኩ ወደ ሱቅ መጣሁ። የአባቴ ቃል ነው የመጣልኝ። ጀርባውን ሳታዪ...

የመጀመሪያው ፎቶ እኔ ጋ ነበር። እንፋሎት የለም፣ ቀስ ማለት የለም። ካርቶኑን በቢላ ጎትቼ ላጥኩት። የወረቀቱ ታችኛው ክፍል ተቀዶ ካርቶኑ ላይ ቀረ።

ጀርባው ላይ የእጅ ጽሑፍ አለ።

የአባቴ የእጅ ጽሑፍ።

"የጎደለውን ፊት በልጄ ፊት ሞላሁት። በአምስተኛው ቀን እናቷ ማን ነሽ አለቻት። ፊቱ መፋቅ አለበት። ከመፋቃችሁ በፊት ግን..."

የቀረው ካርቶኑ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል።

አባቴ ከእኔ ሌላ ልጅ የለውም።

ቀጥሎ ያለውን ለማንበብ ጊዜ አልነበረኝም። ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። ፋይሉን ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት፣ ዞሬ ሚጡን አየኋት። አሁንም ፊቷን መያዝ አልቻልኩም፤ አይቼው ዓይኔን ስነቅል ይጠፋኛል። ትልቁ ፎቶ ግድግዳ ላይ ነው። ምላጭ ኪሴ ከተትኩ፣ ሚጡን በግራ እጄ ያዝኩ፣ ወደ ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ሮጥን።

አዳራሹ ሰው በሰው ሆኗል። ሰዎች ሚጡን ሊረግጧት ይደርሳሉ፣ አያዩዋትም። ማንም ይቅርታ አይላትም። እጇን ጨብጬ ጎተትኳት።

ፎቶው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ሞልቶታል። የሁለተኛው ረድፍ የመጨረሻዋ ልጅ ትስቃለች። ፊቷ ጥርት ብሎ ይታያል። ከአሥራ ሁለቱ ሁሉ በሕይወት ያለች የምትመስለው እሷ ናት። ቅንድቧ፣ ጉንጯ ላይ ያለችው ሥርጉድ፣ ሙሉ ጥርሷ። ልጄን መልኳን ያየሁት እዚያ ግድግዳ ላይ ነው።

ልቅረብ ስል ሰዎች ገፉኝ። እጇ ከእጄ ወጣ።

"ሚጡ!"

ወዲያው አንዲት ትንሽ እጅ መልሳ እጄ ውስጥ ገባች። ቀዝቃዛ ናት። ዞር ብዬ አላየሁም፤ ባያትስ ምን ዋጋ አለው፣ ፊቷን አላውቀው። ጨበጥኳት።

ምላጩን አወጣሁ። አንድ አፍታ ፈራሁ። ይሄ የልጄ ፊት ነው... ብፍቀውና ጨርሳ ብትጠፋስ? እጄ ውስጥ ያለችው ትንሽ እጅ ጠበቅ አደረገችኝ። በርቺ ያለችኝ መሰለኝ።

ፋቅኩት።

ከጸጉር እስከ አገጭ። ሰው ጮኸ። ከኋላዬ ሩቅ አንድ ልጅ እማ እያለ ያለቅሳል፣ የሌላ ሰው ልጅ ነው ብዬ አልዞርኩም። ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ፋቅኩት።

ኃላፊው መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሊናገረኝ አፉን ከፍቶ... ወደ ታች አየ። አጠገቤ ወዳለችው ልጅ።

"ይህች የእርስዎ ልጅ ናት?" አለ። "ቁርጥ እርስዎን።"

አያት። ሰው ልጄን አያት። ጎንበስ ብዬ አየኋት። ሚጡ ናት። ቅንድቧ፣ ሥርጉዷ። ተንበርክኬ አቅፌያት አለቀስኩ። አዳራሹ በሙሉ እንደ እብድ እያየኝ፣ ግድ አልነበረኝም።

ሦስት ሳምንት ሆነን። ደህና ነበርን።

ፎቶዎቿ ሁሉ ጥርት ብለዋል። አስተማሪዋ ልጅሽ እንዴት ጨዋ ሆነች አለችኝ። ጋሽ መርፌም መልሰው አወቋት። ሲነካኳት ግን አትመልስላቸውም። ፈገግ ትልና ታልፋለች። ምላሷን የት ጣለችው አሉኝ። ደንግጣ ነው፣ ይመለሳል አልኳቸው። የወለቀችው ጥርሷም በሁለት ቀን በቀለች። ደስ አለኝ። የኔ ልጅ ለጥርስ እንኳ ትቸኩላለች እያልኩ ለሰው አወራሁ።

አንዳንዴ ስትቆም እጇን ወደ ታች ዘርግታ ቀጥ ትላለች። የትምህርት ቤት ሰልፍ ለምዳ ነው ብያለሁ።

ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ጋ ወስጄ አገጯን ይዤ አያታለሁ። ማንም አላስተማረኝም። እጄ ራሱ ነው የሄደው።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ መርፌ አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር። ልጅሽ አንቺ ጋ ከገባች በኋላ ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ትመጣለች አሉኝ። ደረጃው ሥር ትቆማለች፣ ማንን ፈልገሽ ነው ስላት እናቴን ትለኛለች፣ ከዚያ ሥራዬን ሳይ ቆይቼ ቀና ስል የለችም አሉኝ። ምን ትመስላለች አልኳቸው። መቼ ልብ አልኳት አሉ። ዓይንዎ ደክሟል፣ መነጽር ይቀይሩ ብዬ ሳቅኩባቸው።

ዛሬ ጠዋት ኃላፊው ስልኬ ላይ ፎቶ ላከልኝ። የመክፈቻው ዕለት ከተነሱት መካከል ያገኘው ነው። ንዴቱ በርዶለታል መሰለኝ መቀለድ ፈልጓል። ከሥሩ እንዲህ ብሏል...

"እትዬ፣ መንታ ልጆች እንዳሉዎት ነግረውኝ አያውቁም።"

ፎቶው ላይ እኔ ግድግዳውን እፍቃለሁ። በግራ እጄ አንዲት ልጅ ይዣለሁ። ልጅቷ ወደ ካሜራው ዞራ ትስቃለች። ጥርሷ ሙሉ ነው።

በሩ ጋ፣ ከሰዎቹ እግር መካከል፣ ሌላ ልጅ አለች። ያው ቅንድብ። ያው ሥርጉድ። ቦርሳ አንግታለች። ወደ እኔ እጇን ዘርግታ አፏን ከፍታ ታለቅሳለች።

የላይኛው የመሀል ጥርሷ የለም።

ያን ካርቶን ከመሳቢያ አውጥቼ ዛሬ በእንፋሎት፣ ቀስ ብዬ፣ አባቴ እንዳስተማረኝ አላቀቅኩት። የቀረው ጽሑፍ ይኸው...

"...ከመፋቃችሁ በፊት ግን የያዛችሁት የማንን እጅ እንደሆነ እዩ። እኔ አላየሁም።"

እኔ አላየሁም ይላል አባቴ።

እናቴ ያን ሁሉ ዓመት አገጬን ይዛ ምን ትፈልግ እንደነበር አሁን ገባኝ። ፊቴ ውስጥ የራሷን ልጅ አግኝታ እንደሆነ ግን አላውቅም። ስለ ራሴ የማስብበት ጊዜ የለኝም፣ ልጄን ነው የምፈልገው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረጃ ሥር ቆማ ጠብቃኛለች፣ እኔ መነጽር ይቀይሩ እያልኩ ስቄያለሁ።

ዛሬ ትምህርት የለም። አስተማሪዎቹ ስብሰባ ላይ ናቸው። ስለዚህ ልጅቷ እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሥዕል ትሥላለች። አሥራ ሁለት ልጆች በሦስት ረድፍ ሥላለች። አሥራ አንዱ ላይ ፊት ሥላለች። አንዷ ጋ ስትደርስ እርሳሷን አስቀመጠች።

አሁን ቀና ብላ አየችኝ። ሳልጠራት አገጯን ወደ መስኮቱ አነሳችልኝ። ትስቃለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ከታች የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

"ማንን ፈልገሽ ነው የኔ ልጅ?" ይላሉ ጋሽ መርፌ።